የሐጅ እንድሪስ ብልቃጥ

ዘይኑልአቢዲን የሙከራ ቱቦውን ከአልኮል መብራቱ ላይ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። ጥርት ያለ ነው። ሁለት ጠብታ አሲድ ጨመረበት፤ አሁንም ጥርት ያለ ነው። ሲጠራጠር የሚያደርገውን አደረገ፤ ቱቦውን አጥቦ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሦስተኛውም እንደ ሁለቱ ሆነ። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ሽንት ሲፈላ እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል፤ ይሄኛው ግን በማለዳ ከአርዲቦ ሐይቅ የተቀዳ ውሃ ይመስላል።

በብልቃጡ ላይ የተለጠፈችው ቁራጭ ወረቀት «ሐጅ እንድሪስ፣ ዕድሜ 58፣ ከውጫሌ» ትላለች። ጽሑፉ የኑርሀያት ነው። እነዚያን ክብ ክብ ፊደሎች ያውቃቸዋል። ኑርሀያት የውጫሌ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ከስምንት ወር ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ በገዛ እጇ ማህተም እየመታች የምትልካቸው ደብዳቤዎች በአውቶቡስ ሐይቅ ከተማ ደርሰው ከዘይኑ ትራስ ሥር ያድራሉ። ዛሬ ግን ያው የእጅ ጽሑፍ የናፍቆት ቃል ሳይሆን የአባቷን ሽንት ይዞለት መጣ። ብቻውን ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ነገሩ የተጀመረው ከስድስት ቀን በፊት፣ እሑድ ነበር። የዘይኑ ሽማግሌዎች ውጫሌ ሄደው ኑርሀያትን ጠይቀዋል። አባቷ ሐጅ እንድሪስ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዘመኑ ሱቃቸውን ቢያሳንሰውም ትከሻቸውን አላሳነሰውም። የዘይኑ አባት ደግሞ ከሐይቁ ዳር ደንገል እያጨዱ ሰሌን ሠርተው የሚሸጡ ሰው ነበሩ። «ልጁ ባሕር ማዶ ተምሯል አላችሁ፤ እሰየው» ብለው ነበር ሐጅ እንድሪስ ለሽማግሌዎቹ፣ «ግን የሰሌን ሻጭ ልጅ መሆኑን ባሕሩ አላጠበለትም። እስቲ እንመካከር፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ተመለሱ።»

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ሐጅ እንድሪስ ፊታቸው አብጦ፣ እግራቸው ጫማ ጠቦት ወደ ሐይቅ ጤና ጣቢያ መጡ። ሐኪሙ ደም ግፊታቸውን ለካና ከንፈሩን ነከሰ። አውራ ጣቱን ቅልጥማቸው ላይ ተጭኖ ሲያነሳው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ወረቀት ጽፎ ወደ ላቦራቶሪ ላካቸው። የላቦራቶሪው በር ሲከፈት ሐጅ እንድሪስና ዘይኑ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

በወሎ ልጅ የጠየቀ ወንድ ከልጅቱ አባት ይሸሻል። መንገድ ላይ ካያቸው በወዲያኛው ጠርዝ ያልፋል፤ ገበያ ላይ ካያቸው ጥላ ሥር ይገባል። ዘይኑ ግን የሚገባበት ጥላ አልነበረውም። ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ባዶ ብልቃጥ ይዞ ቆሟል።

«አንተ ነህ እንዴ እዚህ ያለኸው?» አሉ ሐጅ እንድሪስ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ሌላ ሰው የለም?»

«የለም።»

ብልቃጡን በሁለት ጣታቸው፣ የሞተ አይጥ በጭራው እንደሚያነሳ ሰው ያዙት። «አሁን አልመጣ ብሎኛል» አሉ ግድግዳውን እያዩ። «ከቤት እልከዋለሁ።» ወጡና በሩ ላይ ሲጋራ ለኮሱ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ፣ ጨርቅ ጭነው ከአሰብ ሾፌሮች ጋር ሲመላለሱ የለመዱት ነው፤ በቀን ሁለት ፓኮ። ጭሱ በመስኮት ሲገባ ዘይኑ ሳያስበው እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። እሱም ኦዴሳ በተማረበት ስድስት ዓመት ከቋንቋው በፊት የተማረው ሲጋራ ማጨስ ነበር።

ብልቃጡ ቅዳሜ መጣ። ውጤቱም ይኸው፤ ጥርት ያለ።

ዘይኑ ወረቀቱ ላይ «ፕሮቲን የለም» ብሎ ጻፈ። ያየው ይሄንኑ ነው። ሲጽፍ ግን ደስ አለው፤ ያሳፈረውም ይሄው ደስታ ነው። ክፉ ወሬ ለአማት የሚያደርስ ሙሽራ ከመሆን ዳነ። ኦዴሳ ሳለ ያስተማረችው አንዲት አሮጊት ፕሮፌሰር፣ ቱቦውና በሽተኛው የተለያየ ነገር ከተናገሩ ወደ በሽተኛው ተመለስ ትለው ነበር። የበሽተኛው እግር ሲጫኑት ይጎደጉዳል። ዘይኑ ግን አልተመለሰም። ወረቀቱን አጥፎ ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጠና ወደ ሐይቁ ዳር ሄዶ ሁለት ሲጋራ አከታትሎ አጨሰ፤ ሁለቱም አልጣሙትም።

የኑርሀያት መልስ ረቡዕ ደረሰ።

«ዘይኑ፣ ወረቀትህን አባቴ አንብቦ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ለመጣው ሁሉ ‹ባሕር ማዶ የተማረ ሰው መሰከረልኝ› እያለ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ፓኮው ሦስት ሆኗል። ዛሬ ጠዋት እግሩ ነጠላ ጫማ እንኳ አልገባ ብሎት በባዶ እግሩ መስጊድ ሄደ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የጻፍከው ያየኸውን ነው፣ ወይስ አባቴ እሑድ ሽማግሌዎቹን በእሺታ እንዲመልስልህ የፈለግከውን? መልሱን በፖስታ አትላክ። እሱ ላይ ማህተም መምታት አልፈልግም።»

ዘይኑ ደብዳቤውን ሁለተኛ አላነበበውም። አንዴ መውጋቱ በቂ ነበር።

ሐሙስ ለምሳ ፈቃድ ጠይቆ የውጫሌን አውቶቡስ ተሳፈረ። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ከሽቦው መስኮት ፊት ሦስት ሰዎች ተሰልፈዋል። ተራው ሲደርስ ኑርሀያት ቀና አለች። ዓይኗ መጀመሪያ አበራ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ደበዘዘ። ሰው ስለሚሰማ እንደማታውቀው ሆነች።

«ምን ልታዘዝ?»

«የጻፍኩት ያየሁትን ነው።»

«የአገር ውስጥ ቴምብር ነው የፈለጉት?»

«ሦስት ጊዜ አፍልቼዋለሁ፣ ኑርሀያቴ።»

ሲያቆላምጣት እንዲህ ይላታል። ዓይኗን ወደ ቴምብሩ ደብተር ጣለች። «ወላሂ በል» አለች በሹክሹክታ።

«ወላሂ።»

«ታዲያ እግሩስ?»

«አላውቅም። አንድ ነገር ልክ አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ቃሉን ለእሷ ብቻ ለማድረስ ወደ ሽቦው ተጠጋ። እሷ ግን ወደ ኋላ አለች።

«ምነው?»

«ትሸታለህ።» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም፤ ቢኖረው ይሻለው ነበር። «ስምንት ወር ሙሉ ስጽፍልህ ያልጻፍኩልህ ይሄን ብቻ ነው። ፖስታህን ስከፍት መጀመሪያ የሚወጣው የአባቴ ሽታ ነው። አንተን እያነበብኩ አባቴ ሲያስል ይሰማኛል። አንተም ሲጋራ ትወጃለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። በል፣ ነገ አባቴ ቢታመም በየትኛው አፍህ ነው አቁም የምትለው?»

ዘይኑ ደረት ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

ከኋላው የቆሙት ሽማግሌ በትራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። «ልጆቼ፣ አብሽሩ፣ ኩርፊያ ያልፋል። እኔን ግን አውቶቡሱ ሊያልፈኝ ነው፤ ቴምብሬን ስጡኝ።»

የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ኑርሀያት አልሳቀችም። ቴምብሩን ቆርጣ ለሽማግሌው ስትሰጥ ጣቷ ሽቦውን ነካ፤ ዘይኑ ያንን ጣት ለመንካት አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶት ነበር። ያቺ ስንዝር ከኦዴሳ እስከ ውጫሌ ካለው መንገድ ረዘመችበት።

እሑድ የቀበሌው ስብሰባ አልቆ ሰው ሲበተን ሁለቱ ሽማግሌዎች ሐጅ እንድሪስ ቤት ገቡ። አንዱ ሼህ ኑርዬ ናቸው፤ የሐጅ እንድሪስ ጎረቤትና የልጅነት ጓደኛ። ዘይኑ የመረጣቸው ሐጅ እንድሪስ እምቢ ሊሏቸው ስለማይችሉ ነው። ሌላው ከሐይቅ የመጡት መሪጌታ ኃይለ መስቀል ናቸው፤ የዘይኑን አባት ከነሰሌናቸው የሚያውቁ፣ ለሙስሊምም ለክርስቲያንም ሽምግልና ቀድመው የሚጠሩ ሰው። ከመካከላቸው ትኩስ ሆጃ በብርጭቆ ቀርቧል። ኑርሀያትና እናቷ ፈዲላ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው።

መሪጌታ ስለ ልጁ ጠባይ መናገር ጀምረው ገና መሐል ሳይደርሱ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ ዘይኑ።

መልሱ ቀስ ብሎ መጣ። ሙሽራ ሽማግሌ በተቀመጠበት ቀን እንኳን ቤቱ፣ ሰፈሩም አይደርስም። ዘይኑ ደግሞ የቆዳ ቦርሳ አንግቶ፣ ላብ አጥምቆት ቆሟል።

«ምነው ልጄ፣ አላመንከንም?» አሉ መሪጌታ። «ገና ስለ ደግነትህ እየዋሸንልህ ነበር።»

ዘይኑ አልሳቀም። «አባባ» አለ ለሐጅ እንድሪስ፣ «ያን ወረቀት ከግድግዳው ያውርዱልኝ።»

«ለምን?»

«አላምነውም።»

«የጻፍከው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ብልቃጡ ደህና ነዎት ይላል፤ እግርዎ ደህና አይደለሁም ይላል። እኔ እግርዎን አምኜ መጥቻለሁ። ሌላ ሽንት ይስጡኝ፤ እዚሁ ፊታችሁ አፈላዋለሁ።»

ሐጅ እንድሪስ የሲጋራቸውን አመድ ቀስ ብለው አራገፉ። «አጀብ ነው» አሉ። «ልጄን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሽንቴን ይጠይቀኛል። ሽማግሌዎች፣ ያመጣችሁልኝ ይሄን ነው? ውጣ፣ ልጄ። ከዚህ በኋላ የምንነጋገረው የለንም።»

ዘይኑ መጋረጃውን አየ። ከጀርባው የቆመችውን ልጅ በዚህች ደቂቃ እያጣት እንደሆነ አወቀ፤ ዞሮ ቢወጣ ምናልባት በሌላ ቀን፣ በሌላ ሽማግሌ ይታረቃሉ። ዞሮ ቢወጣ ግን እግራቸው ያብጣል፤ ወረቀቱም ግድግዳው ላይ ይኖራል።

«ኑርሀያትን አይስጡኝ» አለ። «ሽንቱን ግን ይስጡኝ።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

ሼህ ኑርዬ መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን በጣታቸው ሲያሯሩጡት ቆዩና ድንገት አቆሙት።

«እንድሪስ፣ አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገረው?»

«ዝም በል፣ ኑርዬ።»

«ወላሂ ዝም አልልም። ልጁ ሚስቱን እያጣ ነው።» ወደ ዘይኑ ዞሩ። «ልጄ፣ አፉ በለኝ። ያ ሽንት የኔ ነው።»

«የማን?» አሉ መሪጌታ፣ ጆሯቸውን እንዳላመኑ።

«የኔ ነው አልኩህ። እንድሪስ ብልቃጡን በጋቢው ደብቆ ቤቴ መጣ። ‹ነገ ከአንድ ገበታ አብሮኝ የሚበላ ልጅ ሽንቴን ሲያገላብጥ እንዴት ይዋል፤ አንተ ለእሱ ምኑም አይደለህም› አለኝ። እኔ ደግሞ ሐኪም ቤት ሽንት የሚጠይቀው ለመዝገብ መስሎኝ፣ የማንም ቢሆን የሚሞላ። ቢስሚላህ ብዬ ሞላሁለት።»

ዘይኑ ግድግዳውን ተደገፈ። ሐጅ እንድሪስን አየ፤ ያ ትልቅ ሰው እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተዋል። እምቢታቸው ሁሉ ንቀት መስሎት ነበር። ለካ ሀፍረት ነው። የሚያፍሩት ደግሞ ከእሱ፣ ከሰሌን ሻጩ ልጅ ነው፤ አማች ሊያደርጉት ቆርጠው ካልሆነ ሰው ከማያውቀው ሰው እንደዚህ አያፍርም።

«አሁን ይሄን ተወውና» አሉ ሼህ ኑርዬ፣ ትንሽ ሰግተው፣ «የኔስ እንዴት ነበር?»

«ሦስት ጊዜ አፍልቼው አልረጋም፤ እንደ ምንጭ ውሃ ነው፣ ሼሃችን።»

«አልሐምዱሊላህ።»

መሪጌታ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በሆዳቸው ሳቁ። «ሦስት ጊዜ ተፈልተህ አልረጋህም ማለት ነው። አንተን እሳት ይቅርና ሰይጣንም አያረጋህ።» ሼህ ኑርዬ ተከተሏቸው። በመጨረሻ ሐጅ እንድሪስም ያዙት ያዙትና አመለጣቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና ሳል ሲያቋርጣቸው ደረታቸውን ይዘው ተነሡ። ከመደርደሪያው ስኒ አንስተው በጓሮ በር ወጡ።

ሲመለሱ ስኒውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነውት ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ የጓደኛ ሽንት አይታይም። ዘይኑ መብራቱን ለኮሰ። ቱቦውን ያዘ። ፈሳሹ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከላይ በኩል ጭጋግ ያዘው። አሲዱን ጠብ ሲያደርግበት ጭጋጉ አልተበተነም። ወተት መሰለ።

ማንም ትርጉሙን አልጠየቀም። ኑርሀያት መጋረጃውን በአንድ እጇ ገልጣ ቱቦውን ታይ ነበር፤ ማንም ተመለሺ አላላትም።

«ኩላሊት ወንፊት ነው፣ አባባ» አለ ዘይኑ ዝቅ ብሎ። «ቆሻሻውን ያወጣል፤ የሚያስፈልገውን ያስቀራል። ይሄ ነጩ መውጣት አልነበረበትም። ወንፊቱ ሰፍቷል።» ዓይኑን ወደ ሐጅ እንድሪስ ሲጋራ ጣለ።

«ሲጋራውን ለምን ትመለከተዋለህ ታዲያ? ጭስ የሚገባው ሳንባ ነው።»

«ጭሱ ሳንባ ላይ አይቆምም፤ መርዙ ደም ውስጥ ይገባል። ደም ሥር ያጠብባል፣ ግፊት ያንራል። ኩላሊት ደግሞ የተሠራው ከፀጉር በቀጠኑ ደም ሥሮች ነው፤ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ሁሉም ከሲጋራ መጣ አልልም። ግፊቱ አለ፤ ከምን እንደጀመረ ለማወቅ ደሴ ሄደው ሐኪም ዘንድ መታየት አለብዎት። ግን በታመመ ኩላሊት ላይ ማጨስ፣ የአሰብን ቁልቁለት በያዘ ጭነት መኪና ነዳጅ መርገጥ ነው።»

ሐጅ እንድሪስ ያን ቁልቁለት ያውቁታል። ሲጋራቸውን አዩት። «ፍሬኑ ይሠራል?»

«ይሠራል። የተበላሸው ሁሉ ላይመለስ ይችላል፤ የቀረው ግን ይቆይልዎታል። ዛሬ ቢያቆሙ፣ ጨው ቢቀንሱ፣ መድኃኒትዎን ቢወስዱ፣ የልጅ ልጅዎን…» አፉን ዘጋ። ጆሮው ቀላ።

«ይቺን በመሐል ሸጎጣት» አሉ መሪጌታ።

«አንተስ?» አሉ ሐጅ እንድሪስ። «ደረት ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ዘይኑ አወጣው። «ሲጋራ።»

«ያንተን ወንፊት አፍልተህ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«በየቀኑ የሰውን ሁሉ ስታይ?»

«ፈርቼ ነው፣ አባባ።»

ሐጅ እንድሪስ አተኩረው አዩት። በፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ለሰለሰ። «ኑርዬ» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «ልጅቱን ጠይቃት። መህሯ ምንድን ነው?»

መህር፣ ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው ስጦታ፣ የሚጠየቀው ልጅ ከተሰጠ በኋላ ነው። ፈዲላ ከመጋረጃው ጀርባ እልል ሊሉ ከጅሏቸው በእጃቸው አፋቸውን ሲይዙ ተሰማ።

ሼህ ኑርዬ ወደ መጋረጃው ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ኑርሀያት፣ ይሄን ሰው ወደሽዋል? መህርሽስ ምንድን ነው?»

«ወድጄዋለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን አጠራች፤ ያ የፖስታ ቤት ድምፅዋ መጣ። «አንድ የብር ቀለበት። ከቀለበቱ ጋር ኪሱ ውስጥ ያለው ፓኮ።»

«ፓኮውን ምን ልታደርጊው?»

«መህር የሴቷ ብቻ ሀብት አይደለም እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው። የኔን ሀብት ሳልፈቅድ ማንም አያጨሰውም። የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም።»

ሼህ ኑርዬ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ሸሪዓው ከእሷ ጋር ነው» አሉ። «በቀለበቱ ኒካሁ ይታሰራል፤ የቀረው ቃል ኪዳን ነው።»

ዘይኑ ፓኮውን በመጋረጃው ሥር አሳለፈው። የኑርሀያት እጅ ተቀበለው፤ ሐሙስ ዕለት የራቀችው ያቺ ስንዝር አልነበረችም። እጇ ግን አልተመለሰም። መዳፏ እንደተዘረጋ ቆየ።

«አባ» አለች። «ያንተንም።»

«እኔ ሙሽራ ነኝ እንዴ መህር የምከፍል?»

«አባ፣ ሠርጌን ብቻ አይደለም እንድታይልኝ የምፈልገው።» አሁን ድምፅዋ የፖስታ ቤቱ አልነበረም። ወደ አምስት ዓመት ልጅነት ተመልሷል።

ሐጅ እንድሪስ ፓኮውን ከኪሳቸው አውጥተው አገላበጡት። ክብሪቱንም ደረቡበት። ወገባቸውን ይዘው፣ ባበጠ እግራቸው ተንበርክከው መዳፏ ላይ አኖሩላት። ልጅቱ ፓኮውን ወደ ውስጥ አልሳበችም፤ ከእነ ፓኮው የአባቷን ጣቶች ጨበጠች። አልለቀቀችም። መሪጌታ የሌላ ሃይማኖት ልጅ እንዳልባረኩ ሰው ወደ ጣሪያው እያዩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ዘይኑ እያለቀሰ እንደሆነ ያወቀው ሼህ ኑርዬ የሻሻቸውን ጫፍ ሲሰጡት ነው።

ከቀትር በኋላ ዱዓው ተደርጎ፣ ተበልቶ፣ ሽማግሌዎቹ መደብ ላይ ጋደም አሉ። ሐጅ እንድሪስና ዘይኑ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ። አንዱ ጉልበቱን ያሻል፤ ሌላው የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል። ከአምባሰል ተራራ በኩል ንፋስ ይነፍሳል።

«ይሄ አምሮት መቼ ነው የሚለቀው?» አሉ ሐጅ እንድሪስ።

«እንጃ፣ አባባ። እኔም ገና ዛሬ ነው የጀመርኩት።»

«ታዲያ ምኑን ተማርከው?»

ኑርሀያት ሰፌድ ይዛ ወጣች። ሻሿን አስተካክላ አስራለች፤ ዓይኗ ግን ከለቅሶ በኋላ እንዳለ ሰማይ ነበር። ጨው ያልነካው የሽንብራ ቆሎ በመካከላቸው አስቀመጠችና፣ በአባቷ ፊት ከዘይኑ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ወንዶች እጃቸውን ባንድ ጊዜ ሰፌዱ ውስጥ ከተቱ።

«ጨው የለውም» አሉ ሐጅ እንድሪስ እያኘኩ።

«አውቃለሁ።»

«ስንት ቀን ነው እንዲህ የምታበዪን?»

«ዕድሜ ልክ» አለች ኑርሀያት፤ ስትናገር ግን ያየችው አባቷን ሳይሆን ዘይኑን ነበር።